በሊማሊሞ አፋፍ የጥቢ ወራትና የልጆች ትምህርት

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ጉሙም ከሊማሊሞ ገደል እየተጐተተ ወደ ላይ ወጥቶ ሲበተን፣ ከደባርቅ ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ካፋፉ ላይ የቆመ ሰው የዛሪማን ቈላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። ካፋፉ ወዲህ ያለው ደጋ ደግሞ በዐደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ ገብሱም ገና አረንጓዴ ሳለ በነፋስ ሲወዛወዝ ይታያል። ስለዚህ አገር ውበት የጻፉ የውጭ አገር መንገደኞች ብዙዎች ስለ ሆኑ እኛ የምንጨምርበት የለንም። በዚህ የቤተ ሰብ ገጻችን ልናነሣው ያሰብነው፣ በዚሁ ወራት ማለዳ ተነሥተው በዚያው አፋፍ ላይ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱት ልጆች፣ ይልቁንም ሊሄዱ ሲገባቸው ስለሚቀሩት ነው።

አስቀድመን ስለ ወራቱ ስም ጥቂት እንናገር። ያገራችን ሊቃውንት ዓመቱን ባራት ከፍለው ሲቈጥሩ፣ ከመስከረም 26 ቀን ዠምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን መፀው ይሉታል፤ ጸደይ የሚሉት ግን ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የአበባውን ወራት ጸደይ ብሎ መጥራት ስለ ለመደ፣ ስሙ ከቦታው ተናውጧል። ባላገሩ በዚህ ክርክር ሳይገባ ከክረምት ቀጥሎ ያለውን ወራት ጥቢ ይለዋል፤ እኛም ባላገሩን እንከተላለን።

አገሩን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ይህን ያህል ብንናገር ይበቃል። ከጐንደር ወደ ሰሜን ሲኬድ ዳባት ይገኛል፤ ከዳባት አልፎ፣ ከጐንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደባርቅ አለ። ከደባርቅም ቀጥሎ መንገዱ በሊማሊሞ ጥምዝምዝ እየተጠመዘዘ እስከ ዛሪማ ድረስ ከ 1,500 ሜትር የበለጠ ቍልቍል ይወርዳል። ገደሉን ፈልፍለው መኪና እንዲሄድበት ያደረጉት ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ሲሆኑ፣ ካፋፉ ላይ የነበራቸው የወልቂፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ። የጐንደር ምሽግም የተለቀቀው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። እንግዲህ ያ ጦርነት የተፈጸመው በጥቢ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ደጋ በየቀበሌው ያሉት ትምህርት ቤቶች አሠራራቸው ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ በድንጋይና በቆርቆሮ የታነጸ፣ አንዳንዱ በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተመረገ ሲሆን፣ ቤት ያልደረሰላቸው ክፍሎች ደግሞ ወላጆች በጣሉት ዳስ ውስጥ ይማራሉ። በ 2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ከ 1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው የመዠመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል የመካከለኛ ደረጃ ተብሎ ተለይቷል። በገጠር ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ባንድ ግቢ፣ ባንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ስለሚገኙ፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃንና ጢሙ ሊያቈጠቍጥ የደረሰው ጐረምሳ ማለዳ አብረው ይሰለፋሉ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መዠመሪያ የሚጠብቀው ሥራ ሣሩ ነው። ግቢው ክረምቱን በሙሉ ሰው ስላልረገጠው ሣሩ ከሕፃናቱ ወገብ በላይ ይደርሳል። ይህ ሣር ለትምህርት ቤቱ ገቢ ነውና በከንቱ አይጣልም፤ ባለ ከብቶች ተጫርተው ይገዙትና ገንዘቡ ለጠመኔ፣ ለመዝገብ፣ ለተሰበረ አግዳሚ ወንበር መጠገኛ ይውላል። ልጆቹ ከየቤታቸው ማጭድ አምጥተው የሚያጭዱት መንገድ መንገዱን ነው። ሴቶቹ ልጆች የክፍሉን ወለል ይጠርጋሉ፤ ታላላቆቹ ወንዶች ጐርፍ የጣለውን አጥር ያቆማሉ፤ በሐምሌ የተተከለው የኮሶ፣ የወይራና የጥድ ችግኝም ከብት እንዳይበላው ዙሪያውን በእሾህ ይታጠራል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ወደ ጐን ወጥቶ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን ያረጀ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ይኸው ነው፤ ድምፁም ጥርት ባለው የጥቢ አየር ማዶ ካለው ቀበሌ ይሰማል።

ለዘመን መለወጫ አበባየሆሽ እያሉ ቤት ለቤት የዞሩት ልጃገረዶች ካገኙት ሳንቲም ደብተርና እርሳስ ይገዛሉ። ለመስቀል ደመራ ወንዶቹ ችቦ ያዘጋጃሉ፤ በጫፉም ላይ ዐደይ አበባ ያስሩበታል። ከመስቀል በኋላ ግን ጨዋታው አልቆ የእውነተኛው ትምህርት ቀን ይዠመራል። ቦታው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ ጽኑ ነው፤ በኅዳር ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሁሉ ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ ይሮጡና ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። በእናት ጥበብ የተቋጠረውም ስንቅ እዚያው ይፈታል፤ ይኸውም የገብስ ቆሎ ወይም በሶ ወይም የተቀቀለ ድንች ነው። ስንቅ ያላመጣም ልጅ ቢኖር ካጠገቡ ካለው ቆንጥሮ ይበላል እንጂ ጾሙን አይውልም። ይህ ልማድ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የመጣ ይመስለናል። የቆሎ ተማሪ በዚህ በጐንደር አገር አኩፋዳውን ይዞ ሲለምን ያገኘውን ከባልንጀሮቹ ጋራ ተካፍሎ ይበላ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቀዋልና።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ያነበበ ሰው ኑሮው መልካም ነው ይል ይሆናል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ በክፍሉ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር እየሰፋ ይሄዳል። ካንድ ወንበር ላይ ተጣበው ይቀመጡ ከነበሩት አራት ልጆች ሁለቱ ይቀራሉ። ስም በሚጠራበትም ጊዜ «አቤት» የሚለው ድምፅ ይሳሳል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገብሱ ደርሷል፤ ጭላዳም ከገደል ወጥቷል።

ስለ ጭላዳ ጥቂት ልንናገር ይገባናል። ይህ እንስሳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ መንገደኛ በ 1835 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው፣ ካገሩ ሰው አፍ በሰማው ስም ጠርቶ ነው። ወንዱ እንደ አንበሳ ጐፈር አለው፤ ወንዱም ሴቲቱም በደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አላቸው። ምግቡ ሣር ሲሆን፣ ተቀምጦ በጣቶቹ እየነጨ፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሲግጥ ለሚያየው ሰው ሳቅ ያመጣል። ሌሊት ሌሊት ነብርና ጅብ በማይደርሱበት የገደል ጥግ ያድራል፤ ፀሐይ ስትሞቅ በመንጋ ሆኖ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሊመሽ ሲል ተመልሶ ይወርዳል።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው። ጃርትና የዱር እሪያ ሌሊት የሚመጡ ስለ ሆነ የሚጠብቃቸው ያደገ ሰው ነው፤ አባት እሳት አንድዶ ከማሳው ዳር ያድራል። ጭላዳ ግን የሚመጣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ የሚሄደውም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሰዓቱ የትምህርት ቤት ሰዓት ነው። በዚያም ሰዓት አባት ቀደም ብሎ የደረሰውን ባቄላ ያጭዳል ወይም ለጎረቤቱ ወንፈል ይመልሳል፤ እናትም ከቤት ሥራዋ አትላቀቅም። ስለዚህ ማማ ላይ የሚወጣው ልጅ ነው። ወንጭፍና ጅራፍ ይሰጡታል፤ እርሱም ከማለዳ እስከ ማታ እየጮኸ ይውላል። መንጋውም ብዙ ሆኖ ሲወጣ ያንድ ቤተ ሰብ የዓመት እንጀራ ባንድ ረፋድ ሊረገጥና ሊበላ ስለሚችል፣ አባቱን ጨካኝ ነው ብሎ ለመፍረድ አይቻልም። ሣሩ በሚደርቅበት ወራት እንስሳውም ቢሆን የሚበላው ሲያጣ የመጣ ነው።

በዚህ ስፍራ ለባለ ሥልጣኖች አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። የስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በ 1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ፣ በ 1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋራ የዓለም ቅርስ ተብለው ከተጻፉት ከመዠመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ 1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ነው ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ፣ ወሰኑ ሰፍቶ የሊማሊሞም የዱር አራዊት ክልል ተጨምሮበት፣ በ 2009 ዓ.ም. ከአደጋው መዝገብ ተፋቀ። ለዚህም ሲባል በግጭ ይኖሩ የነበሩት ባላገሮች እርሻቸውንና ቤታቸውን ለቀው በ 2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ገብተዋል። ከዚህ ሁሉ አገራችን ያገኘችውን ክብር አንክድም፤ ጭላዳንም መግደል ክልክል መሆኑ የተገባ ነው። ነገር ግን እንግዶች ከሩቅ አገር መጥተው ፎቶግራፍ የሚያነሡት ያ መንጋ በሚያልፍበት ማሳ ዳር ያለውን ልጅ ዋጋ የሚከፍለው ማነው ብለን ስንጠይቅ፣ የሚከፍለው ራሱ ልጁ ሆኖ እናገኘዋለን። ክፍያውም ያልተማረው የኅዳር ወር ነው። በኅዳር የቀረ ልጅ በታኅሣሥ ቢመለስ የሒሳቡ ትምህርት አልፎት ስለሚጠብቀው ያፍራል፤ ካፈረም በኋላ መቅረቱ ይቀለዋል።

የሴት ልጅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እርስዋ ማማ ላይ ስለማትወጣ ከትምህርት የማትቀር ይመስላል። ነገር ግን አጨዳው ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ደቦ ሲጠራ ጠላ ይጠመቃል፤ ጠላ ሲጠመቅ ውሃ ይቀዳል፤ ውሃ የምትቀዳው ደግሞ ሴት ልጅ ናት። እንስራውን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ ደወሉ ተደውሎ ያልቃል። እኽሉ ጐተራ ከገባ በኋላ ደግሞ በጥር ለሚሆነው ሰርግ ሽማግሌ መላክ ይዠመራል። የክልሉ የቤተ ሰብ ሕግ ሴት ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት እንዳትዳር የሚከለክል ቢሆንም፣ የ 7ኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጅ ከጥምቀት በኋላ ሳትታይ ብትቀር መምህሯ ወዴት እንደ ሄደች ለመገመት አይቸግረውም። ወይዛዝርት አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር ከሕጉ የበለጠ ኃይል ያላቸው ይመስለናል፤ በገጠር የአንዲት የተከበረች እመቤት ቃል ከወረዳ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጦርነት መጣ። በነሐሴ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ውጊያው ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል በሊማሊሞ መንገድ ወደ ደባርቅ የሸሹት ቤተ ሰቦች በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። የ 2014 ዓ.ም. መስከረም የጠባው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ልጆች ሊማሩበት በሚገባው ክፍል ውስጥ እናቶች ምጣድ ጣዱበት፤ በጥቁር ሰሌዳውም ሥር ሕፃናት ተኙ። ሰዎቹ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ክፍሉን ጠርጎ እንደገና ማስተማር ተዠመረ። በ 2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናሙ ቀርቶ ረኃብ ገባ። ከዚያው ዓመት ነሐሴ ዠምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆችም ከትምህርት ተለዩ። በዚህ መካከል ስለ ገብስና ስለ ጭላዳ መጻፋችን ቀላል ነገር ይዘን የመጣን ያስመስለን ይሆናል። ሆኖም ጦርነቱ ጋብ ባለበት ቀን ሁሉ ልጁን ከደወሉ የሚያስቀረው ያ ማማ መሆኑን ስለምናውቅ ዝም ማለት አልቻልንም።

መከርና ትምህርት የተጣሉት በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ አገር በጥቅምት ወር ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ዕረፍት የድንች ዕረፍት ይባል ነበር፤ ልጆቹ ከማሳ ድንች እንዲለቅሙ ተብሎ የተሰጠ ነው፤ የሚለቅም መኪና ከመጣ በኋላም ስሙ አልጠፋም። በአሜሪካም በሜይን ግዛት አሩስቱክ በሚባለው ስፍራ እንዲሁ ለድንች መከር ተብሎ ትምህርት የማቋረጥ ልማድ ቈይቷል። እነዚያ ሰዎች ልጁ መቅረቱ ካልቀረ ሁሉም ባንድነት ይቅሩና ማንም ማንንም አይቅደም ብለው ያሰቡ ናቸው። በእኛም አገር የትምህርቱን ዘመን ቀን የሚቈርጠው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ስለ ሆነ፣ ለደጋው ወረዳ የገብሱን ወራት አይቶ መቍረጥ የማይቻል ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ ልጆችን ለሁለት ከፍሎ እኩሉን ጧት፣ እኩሉን ከቀትር በኋላ ማስተማር በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። ሁለት ወንድማማች በልዩ ልዩ ፈረቃ ቢገቡ አንዱ ሲማር ሌላው ማማውን ይይዛል። እርግጥ ነው፣ ወንድም የሌለው ልጅ በዚህ አይጠቀምም። መምህሩም ቢሆን አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ ሲያስተምር ጕሮሮው ይደርቃል።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ግን ከጦርነቱ በፊት፣ በ 2011 ዓ.ም. ባንድ የኅዳር ሰንበት ያየነው ነው። ከአፋፉ ባልራቀ ባንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ቀኑ ሰንበት የሆነበት ምክንያት ባላገሩ ከሥራ የሚያርፈው ያን ጊዜ ስለ ሆነ ነው፤ ነገር ግን ጭላዳ በዓል ስለማያከብር ልጆቹ በዚያም ቀን ከየማማቸው አልወረዱም ነበር። ርእሰ መምህሩ የስም መጥሪያውን መዝገብ ገልጦ ከዛፉ ሥር ለተቀመጡት አባቶች አሳያቸው። ፊደል የማያውቁትም እንኳ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ብዛት አይተው ነገሩ ገባቸው።

ብዙ ክርክር ሆነ። አንዱ «ልጄ ተምሮ የሚበላው ከዬት ነው?» አለ። ሁለተኛው «እኛ ያልተማርነውም እኮ እየበላን አይደለም» ብሎ መለሰ፤ ሰዉም ሳቀ። ከዚህ በኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ከብታችንን በተራ እንጠብቅ የለም ወይ? ያንዱ ቀን ሲሆን የሁላችንን ከብት እርሱ ያሰማራል። ማሳችንም እኮ ተያይዞ ያለ ነው። ጭላዳው በዬት በኩል እንደሚወጣ እናውቃለን። በዚያ በኩል ሁለት ሁለት ትልልቅ ሰው በየቀኑ በተራ ቢቆም፣ ሃያ ልጅ ሃያ ማማ ላይ ከሚውል አይሻልም ወይ?» አሉ።

ይህ ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ለምን እንዳልታሰበ እኛ አናውቅም፤ እነርሱም የሚያውቁት አልመሰለንም። ከመካከላቸው አንድ አባት ግን አጥብቀው ተቃወሙ። «ጅራፍ ይዤ እንደ ሕፃን ስጮኽ ብታይ ሚስቴ ምን ትለኛለች? ጭላዳውስ ቢሆን ይስቅብኝ የለም ወይ?» አሉ። ሆኖም ዕጣ ይጣል ተባለ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የእንጨት ስንጥር፣ አንዱ ከነጠላው ጫፍ የመዘዘውን ክር እየሰጠ፣ ሁሉም ባንድ ሰው ባርኔጣ ውስጥ ተከተተ። ዕጣውን እንዲያነሣ አንድ የ 1ኛ ክፍል ሕፃን ተጠራ። የመዠመሪያው ዕጣ የነዚያው የተቃወሙት ሰው ጠጠር ሆኖ ወጣ፤ ጉባኤውም በሳቅ ተበተነ።

በማግሥቱ ሰኞ ማለዳ ወደ ደባርቅ ስንመለስ በዚያው በኩል አለፍን። ሰውየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ማማው ላይ ተቀምጠዋል፤ የመዠመሪያዎቹም ጭላዶች ከገደሉ ጫፍ ብቅ ብቅ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጃቸው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከታች ባለው መንገድ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቆም አለና፣ እጁን ባፉ ላይ አድርጎ «አባ፣ እንዲያ አይደለም! ካናትዎ በላይ አዙረው ነው የሚያጮኹት!» እያለ ይጣራ ነበር። እርሳቸውም ተነሥተው ጅራፉን ካናታቸው በላይ አዞሩት። በመዠመሪያው አልጮኸም። በሁለተኛው ጮኸ፤ ጭላዶቹም ቀና ብለው አዩ፤ ልጁም ደወሉ ሲመታ ሰምቶ ሮጠ።